ዝም ያለው ሦስተኛ በር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ። ውሸት ከመሰላችሁም እውነት ከመሰላችሁም እስክጨርስ ታገሡኝ፤ መፍረዱ ኋላ ይደርሳል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃዎች በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር የእንስሳት ጤና ጣቢያ ነበረ። ኃላፊው አቶ ዝንጀሮ ነበር። ሐኪም ግን አልነበረውም። ሐኪሙ ዶክተር ጉሬዛ የሚሠራው ከተማ፣ ትልቁ ሐኪም ቤት ነበር። ስለዚህ በሽተኛ ሲመጣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፎቶ ይልክለታል፤ ዶክተሩም መድኃኒቱን ጽፎ ይመልሳል።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ፍየል ግልገሏን አዝላ እየሮጠች መጣች።

"ልጄን አድኑልኝ! ቅጠል በልቶ አረፋ ደፈቀ!"

አቶ ዝንጀሮ ለዶክተር ጉሬዛ ስልክ ደወለ።

"ምን ዓይነት ቅጠል ነው?" አለ ዶክተሩ።

"አረንጓዴ።"

"የአገሩ ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ነው! አንዱን የበላ ማስታወክ አለበት፤ ሌላውን የበላ ካስታወከ ይሞታል። ከአፉ የተረፈውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።"

ኮምፒውተሩ ፎቶውን ላከ፤ አልደረሰም። ደግሞ ላከ፤ አልደረሰም። ሦስተኛ ላከ፤ አሁንም አልደረሰም። ግልገሉ ዓይኑን መክፈት አቃተው።

ጃርት ተጠራ። ጃርት የመስመር ጠጋኝ ነው፤ ሌላው ሲቸኩል እሱ አይቸኩልም።

"እስቲ መንገዱን ንገረኝ" አለው ኮምፒውተሩን።

"መልእክቴን የሚሸከሙት ጉንዳኖች ናቸው" አለ ኮምፒውተሩ። "መንገዱ ላይ በሮች አሉ፤ በረኞቹ ራውተር ይባላሉ። እያንዳንዱ በረኛ ጉንዳኑን ወደሚቀጥለው በር ይመራል፤ ለድካሙም ከስንቁ አንድ ፍሬ ይወስዳል። ስንቁ ያለቀበት ጉንዳን አያልፍም፤ በረኛው ስሙን ነግሮ ይመልሰዋል። እንዲያ ባይሆን መንገድ የጠፋበት ጉንዳን ዕድሜ ልኩን ሲዞር ይኖር ነበር።"

"ፎቶውን የያዙትስ?"

"ስልሳ አራት ስልሳ አራት ፍሬ ሰጥቻቸው ነበር። 'ስንቃችን አለቀ' ብለው ተመለሱ። ከየት እንደተመለሱ ግን አልጠየቅኳቸውም።"

"ስድስት በር ለማይሞላ መንገድ ስልሳ አራት ፍሬ አለቀ?" አለ ጃርት። "አሁን አንድ አንድ ፍሬ ብቻ ስጥና ሦስት ጉንዳን ላክ።"

አንድ አንድ ፍሬ የያዙ ሦስት ጉንዳኖች ሄዱ። ወዲያው ተመለሱ። "'የመጀመሪያው በር ነኝ' ብሏል" አሉ።

ሁለት ሁለት ፍሬ የያዙ ሦስት ጉንዳኖች ሄዱ። ተመለሱ። "'ሁለተኛው በር ነኝ' ብሏል" አሉ።

ሦስት ሦስት ፍሬ የያዙ ሦስት ጉንዳኖች ሄዱ። አንደኛው አልተመለሰም። ሁለተኛው አልተመለሰም። ሦስተኛውም አልተመለሰም። ኮምፒውተሩ ሦስት ኮከብ ጻፈ።

"ኮከቡ ምንድነው?" አለ አቶ ዝንጀሮ።

"መልስ የለም ማለት ነው" አለ ኮምፒውተሩ።

"ሌባው ተገኘ! ስንቁን የሚበላው እሱ ነው። ንጹሕ ቢሆን ይናገር ነበር!"

እትዬ ፍየልም "እንደ ልጄ አፍህ ይያዝ!" ብላ ሦስተኛውን በር ረገመችው። ሦስተኛው በር ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ኮረብታው ላይ ካለ ምሰሶ የተሰቀለ ሣጥን ነበር። ዝንጀሮ ምሰሶ ለመውጣት መሰላል አይፈልግ፤ ባንዴ ወጥቶ ሽቦውን ጨበጠ።

ጃርት ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ሆኖ ጮኸ። "አቶ ዝንጀሮ፣ እባክዎ አይበጥሱት! አንድ በር አልፈን እንጠይቅ።"

"ልጁ እየሞተ?"

"ልጁ እየሞተ ስለሆነ ነው። ይሄን ከበጠሱት ሌላ መንገድ የለንም።"

አራት አራት ፍሬ የያዙ ሦስት ጉንዳኖች ሄዱ። ሦስቱም ደስ ብሏቸው ተመለሱ። "'አራተኛው በር ነኝ፤ እንዴት አደራችሁ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ሐኪም ቤት ከሆነ ወደ አምስተኛው በር ሂዱልኝ' ብሏል" አሉ።

"አራተኛው በር የት ነው ያለው?" አለ ጃርት።

"ከሦስተኛው ወዲያ" አለ አቶ ዝንጀሮ ከምሰሶው ላይ።

"ታዲያ ሦስተኛው ባያሳልፋቸው እንዴት ደረሱ? በአራት ፍሬ አራት በር፤ ከድርሻው በላይም አልበላም። ወሬ መመለስ አይወድም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።"

አቶ ዝንጀሮ ሽቦውን ለቀቀ።

አምስት አምስት ፍሬ የያዙት ተመለሱ። "'አምስተኛው በር ነኝ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ! ሐኪም ቤት? ወደ አራተኛው በር ሂዱልኝ' ብሏል" አሉ።

ስድስት ስድስት የያዙት ተመለሱ። "'አራተኛው በር ነኝ፤ እንዴት አደራችሁ? ወደ አምስተኛው ሂዱልኝ' ብሏል" አሉ።

ሰባት ሰባት የያዙት ተመለሱ። "'አምስተኛው በር ነኝ፤ እንኳን ደኅና...'"

"በቃ!" አለ ጃርት፤ እሾሁ ሁሉ ቆመ። "ስልሳ አራቱ ፍሬ ያለቀው እዚህ ነው። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ አንዱ!"

ከቢሮ ቢሮ "እዚያ ጠይቅ" እየተባላችሁ የተንከራተታችሁ ካላችሁ፣ እነዚህን ጉንዳኖች ታውቋቸዋላችሁ። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጃርት የአምስተኛው በር ጌታ ለሆነው ለፍልፈል ደወለ።

"ሐኪም ቤቱ በየት በኩል ነው?"

"በአራተኛው በር በኩል፣ አሮጌው ግቢ ነዋ።"

"ባለፈው ሳምንት ወንዝ ማዶ፣ አንተው ጎረቤት ተዛውሯል እኮ!"

"ማን ነገረኝ?"

"ይኸው እኔ ነገርኩህ። በረኛህ በወንዙ በኩል ይምራ፤ አሁኑኑ!"

ፍልፈል መንገዱን አስተካከለ። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ላከ። ዶክተር ጉሬዛ ቅጠሉን አየና "በምንም መንገድ እንዳያስታውክ!" ብሎ የማርከሻውን ስም ጻፈ። ማርከሻውን ሰጡት። ቆይቶ ግልገሉ ዓይኑን ገለጠ። ቆይቶ ቆመ። ቆይቶ የእናቱን ጡት ፈለገ።

እትዬ ፍየል ከደስታ ብዛት አለቀሰች። "የዶክተሩ መልስ በየት በኩል መጣ?" አለች።

"በዚያው መንገድ። በአምስተኛው፣ በአራተኛው፣ በሦስተኛው..."

"እኔ በረገምኩት?"

"በእሱው።"

እትዬ ፍየል ኮረብታው ላይ ወጥታ "ይቅር በለኝ" አለችው። አቶ ዝንጀሮም ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ "እኔንም" አለ። ሦስተኛው በር አልመለሰላቸውም። መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ የሌላ በሽተኛ ፎቶ እያሳለፈ ነበር።

እኔ የሰማሁት ይህን ያህል ነው፤ እናንተም ለሌላው አድርሱት። ዝም ያለ ሁሉ በዳይ አይደለም፤ አፈ ቅቤ ሁሉም አድራሽ አይደለም። መንገድ ሲጠፋባችሁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ በር አልፋችሁ ጠይቁ።