በሽንኩርት ያለቀሰው ንጉሥ

ነይ አስካለ፣ ጠጋ በይ። ጳጉሜ ገባች፤ ክረምቱም ሊወጣ ነው፣ አሁን ወሬ ይጥማል። «እምዬ፣ የእድሩ ዳኛ ካደረጉኝ ወዲህ በየስብሰባው የምትነቅፈኝን ሴትዮ፣ ወንበሬን ፈልጋ ነውና፣ ላስወጣት ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይልቅ ይቺን ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። የባቢሎን ንጉሥ ነበረ። የዚያ አገር ንጉሥ ሥራው ዘውድ ጭኖ መቀመጥ ብቻ እንዳይመስልሽ። ድሃ ሲበደል ይፈርዳል፤ ከወንዙ ወደ እርሻው የሚወርደውን ቦይ ደለል ሲሞላው ሕዝቡን አዝዞ ያስጠርጋል። እሱ ካላዘዘ አካፋ የሚያነሳ የለም።

ዘመን ሲለወጥ ደግሞ ካህኑ ዘውዱን ያወልቅና በሕዝቡ ፊት አንበርክኮ በጥፊ ይለዋል። አዎ፣ ንጉሡን! እንባው ከመጣ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይላሉ። ካህኑ አስቀድሞ የሕዝቡን ብሶት ይሰማል፤ ብሶቱ ከበዛ እጁም ይከብዳል። ንጉሡ ጉንጩ ሲግል «ዘንድሮ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይነገረዋል።

ይሄኛው ግን ተጠራጣሪ ነበር። «ዘውዴን አውልቆ ሳይመልስልኝ ቢቀርስ? አምና በእጁ ይዞት ቆየት አላለም?» እያለ ሲብሰለሰል ከረመ። ሽማግሌው ካህን የቆየው እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነበር፤ ተጠራጣሪ ይሄን መች ያያል? አባረረውና የሚስቱን ወንድም ካህን አደረገ። «ዘውዱን እንዳትነካ፤ ጉንጬንም ዳበስ አድርገህ ተወኝ» አለው። ዘመን ሲለወጥም ንጉሡ እንባ እንዲያመጣለት በእጅጌው ሽንኩርት ደብቆ ወደ ሕዝቡ ወጣ።

ከታችኛው እርሻ የመጣ አንድ ገበሬ አየና፣ «ኧረ! ጥፊው ሳይደርስ እንባው ደረሰ!» አለ።

«ዝም በል አንተ! አንተን ሲሆን አይዳብሱህም» አለችው ሚስቱ።

ያን ዓመት የታችኛው ቦይ በደለል ተደፍኖ ነበር። ብሶቱን የሚሰማ የለ፣ ለንጉሡ የሚነግር የለ። «ሕዝቤ እንዴት ነው?» ሲል አማቹ «ደህና ነው» ይለዋል። ገብሱ በቁሙ ደረቀ። ገበሬው ሚስቱን «ንጉሥ ያለው አገር እንፈልግ» አላትና ጓዙን ጭኖ ሄደ። ጎረቤቶቹም ተከተሉት።

በዓመቱ ንጉሡ በሽንኩርቱ አልቅሶ ቀና ቢል ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ሜዳ ባዶ ነው። «የት ሆነው ነው የሚዶልቱብኝ?» ብሎ ወታደር ሰደደ። ወታደሮቹ ያገኙት ክፍት በርና የተሰነጠቀ መሬት ነው።

አየሽ ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ለአንቺ እንደ ሽማግሌው ካህን ናት። እጇ ከበደሽና «ወንበሬን ልትወስድ ነው» ብለሽ ጠረጠርሻት። የምታመጣልሽ ግን የሌላውን ሰው ብሶት ነው። እሷን ካስወጣሽ «ደህና ነው» የሚልሽ ብቻ ይቀርሻል። ተያት፣ ትቀመጥ።

እነዚያማ፣ ገበሬውና ሚስቱ በሌላ ንጉሥ አገር ገብስ እየዘሩ አረጁ። ሽማግሌው ካህን በልጁ ቤት አረፈ። አማችየው የሚበላው ሲያልቅ ሸሸ። ንጉሡም ዘውዱን ማንም ሳይነካበት ሞተ፤ የቀበሩት ሁለት ወታደሮች ናቸው።