የአቶ ዘርጋ ካርቶን ለማን ይሰጥ?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ በርበሬ እሳት የሆነበት ዓመት ነው፣ ቡታጅራ ውስጥ አቶ ዘርጋ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ትንሽ ትርፍ ባገኙ ቁጥር አዲስ አበባ ይሄዱና አክሲዮን ይገዛሉ። አንዴ ከባንክ፣ አንዴ ከሌላ ባንክ፣ አንዴ ከሲሚንቶ ፋብሪካ፣ አንዴ ከዱቄት ፋብሪካ። ወረቀቱን አምጥተው የሳሙና ካርቶን ውስጥ ይከቱና ካርቶኑን በእግራቸው አልጋ ስር ይገፉታል። ለሚስታቸው ለወይዘሮ ባዩሽ እንኳን የት የት እንደገዙ አይነግሯቸውም። «ሀብት ከተወራ የሰው ዓይን ይበላዋል» ይላሉ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያስቆጥሩ ልባቸውን ይዘው ቁጭ አሉ፤ አልተነሱም።

ካርቶኑ አምስት ዓመት አልጋ ስር ቆየ። ወይዘሮ ባዩሽ ገበያ ላይ በርበሬ በኪሎ እየቸረቸሩ ሁለት ልጆች አሳደጉ። ትልቁ ሳህሌ አይሱዙ ይነዳል። ትንሿ ትርሲት ተማሪ ናት። የካርቶኑን ወረቀቶች የሚከታተል ሰው አልነበረም። ማን ይከታተል? ሳህሌ መንገድ ላይ ነው፤ ትርሲት ያኔ ልጅ ናት፤ እናትየው ደግሞ ካርቶኑን ባዩት ቁጥር እንባቸው ይመጣል።

እስቲ አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ ይጠፋብኛል። ጥያቄውን መጨረሻ ላይ እጠይቃችኋለሁ።

አንድ ቀን ኪሩቤል የሚባል ወጣት ቦርሳ ይዞ መጣ። «አንድ ጥላ» ከሚባል ድርጅት ነው። ሥራቸው የተበታተነ አክሲዮን አንድ ቦታ መያዝ ነው። የትርፍ ድርሻውን ይሰበስባሉ፣ ስብሰባውን ይከታተላሉ፣ በየሦስት ወሩ ሁሉም ያለበት አንድ ወረቀት ይልካሉ።

«ዋጋህስ?» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ።

«በዓመት ከመቶ ሁለት ብር ነው፣ እናቴ።»

«ከትርፉ?»

«ከጠቅላላው።»

«ባይተርፍስ?»

«ያው ነው።»

«አንተ ከደላላም ትብሳለህ! ደላላ እንኳን ሳይሸጥ አይበላም።»

ኪሩቤል ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። «ጳጉሜን አናስከፍልም» አለ።

«ጳጉሜንማ ማን ደሞዝ ይከፍላል!» አሉና እሳቸውም ሳቁ። ግን አሰቡበት። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ሲደመር ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አቶ ዘርጋ በርበሬ እያስነጠሳቸው ያጠራቀሙት። ዝም ቢሉት አልጋ ስር ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ፈረሙ፤ አሥራ ስምንት ሺህ ብርም በቅድሚያ ከፈሉ።

አሁን በዚያ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ሠራ። በደንብ ስሙኝ።

መጀመሪያ ኪሩቤል። ፍርድ ቤት ተመላልሶ የወራሽነት ወረቀት አስወጣ። አራቱም ድርጅቶች ጋ ሄደ። አንዱ «የመዝገብ ቤቱ ሰው የለም» ይለዋል፣ ሌላው «ነገ» ይለዋል፣ ነገ ሲሄድ «ትናንት ነበር መምጣት» ይለዋል። እሱ አልሰለቸውም። በሦስት ወር ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን የአምስት ዓመት የትርፍ ድርሻ ሰብስቦ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር የወይዘሮ ባዩሽ የባንክ ደብተር ውስጥ አስገባ። የዚያን ቀን ባንክ ቤት በር ላይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ዘርጋ አሁን ነው የደወለልኝ» አሉ።

ቀጥሎ ሳህሌ። ሳህሌ ወረቀት አይወድም፤ መንገድ ነው የሚወደው። አንድ ቀን ስንዴ ጭኖ ያ አባቱ አክሲዮን የገዙበት ዱቄት ፋብሪካ ሄደ። ግቢው ባዶ ነው። ድሮ ሃያ መኪና የሚሰለፍበት ቦታ ላይ ፍየል ትግጣለች። ጥበቃውን ሲጋራ ጋበዘና ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ደሞዝ ካየን አራት ወራችን ነው። ፍየሏም የእኔ ናት፤ በእሷ ነው የምኖረው።»

ሳህሌ ስንዴውን ሳያራግፍ መኪናውን አዞረና ቤት መጣ። «እማዬ፣ የዱቄቱን አክሲዮን ዛሬውኑ ሽጪ።»

ኪሩቤል ጋ ተደወለ። «የፋብሪካው ሪፖርት እኮ ጥሩ ነው» አለ ኪሩቤል።

«ሪፖርቱ ፍየሏን ጽፏታል?» አለ ሳህሌ።

ወይዘሮ ባዩሽ ልጃቸውን ሰሙ። ኪሩቤልም በታዘዘው መሠረት ሸጠ፤ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ወጣ፤ በእሱም የሲሚንቶ አክሲዮን ተጨመረበት። በሁለተኛው ወር ፋብሪካው በሩን ዘጋ፤ ያልሸጠ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ቀረ።

ሳህሌን ግን እንዲሁ እንዳላመሰግነው የሆነ ነገር አለ። ግንቦት ላይ አንዱ ባንክ ለነባር ባለአክሲዮኖች ተጨማሪ አክሲዮን በድሮው ዋጋ ልሽጥ አለ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ። ኪሩቤል ሁለት ጊዜ መልእክት ላከ። እናትየው ብሩን ለሳህሌ ሰጥተው «ሂድና አስገባ» አሉት። ሳህሌ ብሩን መኪናው ኪስ ውስጥ አስቀመጠ፤ መቂ ሽንኩርት ሊጭን ሄደ፤ ጎማ ፈነዳ፤ ባንኩ በር ላይ የደረሰው ሰኔ አንድ ቀን ነው። ብሩን እንዳለ መለሰ። ዕድሉን ግን መመለስ አልቻለም።

ሦስተኛዋ ትርሲት ናት።

ትርሲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። በፊት ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳን «አቤት» የምትለው ለራሷ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሒሳብ ላይ አንዴ እጇን አወጣች፤ ትክክል ሆነ። ከዚያ በኋላ እጇ በራሱ ይወጣል፤ ልቧ ግን እስካሁን ይመታል።

ከኪሩቤል የመጣውን ወረቀት ስታነብ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ላይ አባቷ በሞቱበት ዓመት የተሰቀሉ ካላንደሮች አሉ። እናትየው «አይነሱም» ስላሉ ማንም አልነካቸውም። አቶ ዘርጋ ከባለአክሲዮኖች ስብሰባ ሲመለሱ የሚያመጧቸው ናቸው። ትርሲት ቆጠረች። ወረቀቱ ላይ አራት ድርጅት። ግድግዳው ላይ አምስት ካላንደር። አምስተኛው የኢንሹራንስ ነው።

ኪሩቤልን ጠየቀችው። «ካርቶኑ ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት የለም፤ ድርጅቱም ጋ ፈልጌያለሁ፤ ዘርጋ በሚል ስም የለም» አላት። በወንድሟ መኪና አዲስ አበባ ሄዳ የኢንሹራንሱ ቢሮ መስኮት ላይ ራሷ ጠየቀች። «ዘርጋ የሚባል የለንም፣ የኔ እመቤት። ቀጣይ!» አለቻት ሴትየዋ። ትርሲት ፈርታ ከሰልፉ ወጣችና ተመለሰች። መኪናው ውስጥ ሳህሌ «ቀጣይ» እያለ አበሸቃት፤ እስከ ቡታጅራ አላናገረችውም።

ሐምሌ ላይ የአባቷ መታሰቢያ ደረሰ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ጥበቡ ጸሎት ሲያደርሱ «የወልደ አማኑኤልን ነፍስ» አሉ። ትርሲት ዳቦው እጇ ላይ ቀረ። የአባቷ የክርስትና ስም ነው! ሰውዬው እኮ የሰው ዓይን ይፈራሉ፤ ያኔ ደግሞ መታወቂያ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም። በዚያ ስም ገዝተው ቢሆንስ?

ተመልሳ ሄደች። ያው መስኮት፣ ያችው ሴትዮ። «ወልደ አማኑኤል ብለው ይፈልጉልኝ» አለች። ሴትየዋ ፈለገች፤ ቀና ብላ «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለቻት።

«ልጁ ነኝ» አለች ትርሲት። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት።

መቶ ሃያ ሺህ ብር የሚያወጣ አክሲዮን፤ ከነሙሉ የትርፍ ድርሻው። መምሬ ጥበቡና አንድ ጎረቤት ፍርድ ቤት ቀርበው ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን መሰከሩ፤ አለቀ።

አሁን ወደ ጳጉሜን ሦስት እንምጣ። ውሉ ጳጉሜን አምስት ያበቃል። ወይዘሮ ባዩሽ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አወጡ። አጠገቡ ፖስታ አስቀመጡ፤ ውስጡ አሥራ ስምንት ሺህ ብር አለ። ሦስቱም ተቀምጠዋል።

«የመጪው ዓመት ክፍያ ነው» አሉ። «ፖስታውን የወሰደ ካርቶኑንም ይወስዳል። ከጠፋ ይጠየቃል።»

ሳህሌ ፖስታውን በጣቱ ገፋው። «እማዬ፣ እኔ በነጻ እሠራዋለሁ። ለአባቴ ወረቀት ከእናቴ ገንዘብ ልቀበል?»

«በነጻ የሚሠራ ሥራ ነው ሰኔ አንድ ቀን የሚደርሰው» አሉ እናቱ። ሳህሌ አቀረቀረ። ከዚያ ግን «እሺ፣ አስከፍይኝ። የተከፈለኝን ጭነት አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ ማንንም ጠይቁ።

ትርሲት ደብተሯን ገለጠች። «በአሥር ዓመት መቶ ሰማንያ ሺህ ይሆናል። እኔ ያገኘሁት የኢንሹራንሱ አክሲዮን ሁሉ በክፍያ ያልቃል፤ እንዲያውም አይበቃም። ወረቀቱን ማንበብ ደግሞ አሁን እችላለሁ፣ እማዬ። መስኮቱንም አልፈራም... ማለቴ እየፈራሁም እጠይቃለሁ።» ግን ውክልና ለመውሰድ አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት አለባት፤ የምትሞላው ጥር ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ካለፈች የት እንደምትመደብ ማን ያውቃል?

ኪሩቤል ደብተሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሒሳቧ ልክ ነው። ግን እናቴ፣ ካርቶኑ አምስት ዓመት አልጋ ስር ሲቀመጥ ማንም አላስከፈለዎትም። ነጻ ነበር። ያኔ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብርዎ የት ነበር?»

እናትየው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«አምስተኛውን ካላንደር ግን አላየኸውም» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ።

«አላየሁትም። ቤትዎ አልኖርኩማ። ለእሱ አክሲዮን በመጪው ዓመት አላስከፍልም፤ አለቃዬን አስፈቅጃለሁ።»

«ግማሹን ለአንተ፣ ግማሹን ለልጆቼ ባደርገውስ?»

«ድርጅቱ ወይ ሁሉን ይይዛል ወይ ይለቃል። ግማሽ ጥላ የለም።»

ወይዘሮ ባዩሽ ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩዋቸው። ፊታቸው አልከፋም። አምስት ዓመት ሙሉ ካርቶኑን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሦስት ሰው «ለእኔ» ይላል። ተነስተው ከግድግዳው ላይ የድሮዎቹን ካላንደሮች ራሳቸው አወረዱ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከወረቀቶቹ ጋር አስገቡ። ግድግዳው ላይ አምስት ነጭ ቦታ ቀረ።

«አዲስ ዓመት ሲገባ አዲስ እንሰቅላለን» አሉ። «እነሱን የሚያመጣልኝ ማን እንደሆነ ግን ሁለት ቀን ላስብበት።»

እዚህ ላይ ነው የማቆመው። ለሦስት ይካፈሉት እንዳትሉኝ፤ አይቻልም። ኪሩቤል ማንም ያልጠየቀውን ገንዘብ አመጣ። ሳህሌ ሊጠፋ የነበረውን አዳነ። ትርሲት መኖሩ እንኳን ያልታወቀውን አገኘች። ዛሬ ጳጉሜን አምስት ነው እንበል፤ እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ነው፤ አቶ ዘርጋ ሃያ ዓመት የለፉበት ካርቶን ፊታችሁ ተቀምጧል።

ፖስታው የሚገባው ለማን ነው?