የመልካ ጨፌ የድንጋይ ወረፋ

መልካ ጨፌ ሄዶ ፍራሽ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ድንጋይ ያነሣል። ፍራሽ ሰፊዎቹ በተዘጋው የክር ፋብሪካ በር ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ገዢው ባለ መኪናም ይሁን ባለ ሥልጣን፣ ድንጋዩን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። «እቸኩላለሁ» ቢል ይስቁበታል፤ ድንቄም መቸኮል! ከበሩ ሥር ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ነገሩ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት እንዲህ ነው።

ፋብሪካው በሚሠራበት ዘመን ከተማው የሚነቃውም የሚተኛውም በሳይረን ነበር ይባላል። ደብሪቱ የምትባል ፈታይ ነበረች፤ ጆሮዋ በማሽን ጩኸት ስለ ደነዘዘ ቤቷም ገብታ የምታወራው እየጮኸች ነው። አንድ ቀን ሳይረኑ ዝም አለ፤ ፋብሪካው ተዘጋ። «አዲስ ባለቤት ሲመጣ ቅጥሩ በወረፋ ነው» የሚል ወሬ ከየት እንደተነሣ ሳይታወቅ ከተማውን አዳረሰ። ደብሪቱም ማንም ሳይቀድማት ከወንዝ ጥቁር ድንጋይ አምጥታ በሩ ሥር አስቀመጠች፤ ሌላውም ከኋላዋ እያስቀመጠ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ሄደ። ድንጋዩ ቦታ ይይዛል፤ ባለቤቱ ካጠገቡ ከጠፋ ግን ቦታው ተወሰደ ማለት ነው።

እንግዲህ ጠበቁ። ምን ጠበቁ ይባላል፣ ደረቁ እንጂ! ዛሬ «የመኪና መገጣጠሚያ ሊሆን ነው» ይባላል፣ ነገ «ሆቴል ሊሆን ነው»፤ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ይጨበጨባል፣ እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ይሄዳሉ። የእንግዶቹን የመሠረት ድንጋይ ግን ቆሞ የሚጠብቅ አልነበረም። የደብሪቱ ልጅ ትርንጎ «እማዬ፣ ዘመዶቻችን ጋ ሄደን ሱቅ እንክፈት» ብላ ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ እናትየው «አንደኛ ነኝ እኮ! አንደኛነቴን ለማን ልተወው?» እያለች አሻፈረኝ አለች። ልጅቷም ተቆጥታ ብቻዋን ሄደች።

እጇ ሥራ ፈትቶ ስላስቸገራት ይሁን ስለ ራባት፣ እንደሚነገረው፣ ካጥሩ ሥር ተጥሎ የቀረውን ውዳቂ ጥጥ ለቅማ፣ ነድፋ፣ በጆንያ ሞልታ ፍራሽ ሰፋችና እዚያው ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ሸጠችው። ከኋላዋ የተሰለፉትም ቦታቸውን ሳይለቁ የሚሠሩት ሥራ አገኙና ተከተሏት። ውዳቂው ሲያልቅ ድሮ ለፋብሪካው ጥጥ ከሚያቀርቡት ገበሬዎች መግዛት ጀመሩ፤ ያለ መልካ ጨፌ ፍራሽ ሙሽራ አይገባም እስኪባል ስማቸው ወጣ። ፊታቸው ግን ሁልጊዜ ወደ በሩ ነበር።

አንድ ቀን በሩ ተከፈተ። ሁሉም መርፌውን ጥሎ ብድግ አለ። የወጡት ግን የተነቀሉትን ማሽኖች የጫኑ መኪኖች ነበሩ። ከፊተኛው መኪና አንድ ባለ መነጽር ሰው ወርዶ የደብሪቱን ፍራሽ ጫን ጫን አደረገና፣ «እናቴ፣ ጥሩ ፍራሽ ነው። ቶሎ በይና ስጪኝ፣ መንገደኞች ነን» አላት።

«ቶሎ?» አለች ደብሪቱ በዚያ በሚጮኸው ድምፅዋ። «እኔ እዚህ ሽበት ሳበቅል ቶሎ ያለልኝ ማን ነው? ድንጋይህን አንሣና ከኋላ ተሰለፍ!»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አብሮት የሚስቅ ሲያጣ ድንጋይ አነሣ። ማሽኖቹን እንደጫኑ መኪኖቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁት። ተራው ደርሶ ፍራሹን ሲቀበል ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው። «አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። ቅጥሩ መቼ ነው?»

የጫነውን ማሽን አየ፣ እሷን አየ፣ ፍራሹን ታቅፎ መኪናው ውስጥ ገባ። ያን ቀን ሰፊዎቹ በሙሉ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ፤ ደብሪቱ ብቻ እስክትሞት አልዞረችም ይባላል። ለቀብሯ የመጣችው ትርንጎም በዚያው ቀርታ መርፌዋን ወረሰች።

ዛሬ ከተማው መግቢያ ላይ «የፍራሽ ከተማ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሹሞቹ ሐሳቡ የኛ ነው ይላሉ፣ ይበሉ! ጥቁሩ ድንጋይ ግን እዚያው በሩ ሥር ነው። እንግዳ ሰው ሊቀመጥበት ቢል ሰፊዎቹ ቀና ብለው፣ «ተው፣ ሰው አለው፤ ተራዋ ገና አልደረሰም» ይሉታል።