በነጭ ልብስ መሃል የጠፋው ፊት

አንድ ከተማ ውስጥ ብርቄ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ከፍታ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ክርስትናም ሆነ ቀለበት፣ ምርቃትም ሆነ ሰርግ፣ የምትጠራው እሷ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም ከእጇ አይዘገይም። «ፈገግ በሉ እንጂ፣ ጥርስ ላይ ቀረጥ አልተጣለም!» ስትል አኩርፎ የቆመ አማት እንኳ ሳይወድ ይስቃል።

ካሜራውን የሸጠላት ሰውዬ አብሮ አንድ ምክር መርቆላት ነበር። ከላይ ያለውን ክብ መዘውር አረንጓዴው ምልክት ላይ አድርጎ፣ «ይሄ አውቶ ይባላል። ሁሉን ነገር ራሱ ያውቃል። ከዚህ ካወጣሽው ግን ካሜራው ይበላሽብሻል» አላት። መዘውሩ እንዳይነቃነቅም በፕላስተር ለጠፈላት። ብርቄ ምክሩን እንደ አደራ ያዘችው። ፕላስተሩ በቆሸሸ ቁጥር በአዲስ እየቀየረች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዘውሩን አንድ ቀን አላዞረችውም። መዘውሩ ላይ ያሉት ሌሎች ፊደላትና ቁጥሮች ለምን እንደተጻፉ የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ «ለጌጥ ነው» ትል ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። የአገራችን ሰው ደስታ ሲሆን ነጭ ይለብሳል። በብርቄ ፎቶዎች ላይ ነጠላውም ጋቢውም ከነጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ከልብሱ በላይ ያለው ፊት ግን ይጨልማል። ጠይም ሰውማ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይቀራል። ብርቄ ምክንያቱን አታውቅም። «የእኛ ሰው መልክ ለፎቶ አይመችም» ብላ ደምድማ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ታነጣለች። ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ነበር። ደንበኞቿ ግን ቀይ ሆነው ራሳቸውን ሲያዩ ደስ ስለሚላቸው አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን እማማ ዘርፌ የሚባሉ አሮጊት ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። የልጃቸው የስመኝ ቀለበት በታሰረበት ዕለት ብርቄ ያነሳቻቸውን ፎቶ ሊወስዱ ነው። ፎቶውን ወደ በሩ አስጠግተው አዩት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ። እንደገና መልሰው አዩት።

«ልጄ፣ ተሳስተሽ የሌላ ሰው ሰጥተሽኝ እንዳይሆን» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ነዎት እኮ! ይኸው ከስመኝ አጠገብ ቆመው።»

«ልብሱስ የኔ ነው፤ ጥለቱን አውቀዋለሁ። ሴትዮዋን ግን አላውቃትም። ግንባሬ ላይ ያለው ንቅሳቴ የት ሄደ?»

ብርቄ ጎንበስ ብላ አየች። እማማ ዘርፌ በልጅነታቸው ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል፣ ፊታቸውን ስታነጣ አብሮ ጠፍቷል። ከዓይናቸው ጥግ የሚነሳው የሳቅ መስመርም የለም።

«ትንሽ ላሳምርዎት ብዬ ነው» አለች፤ ያ ደፋር ድምጿ ግን አነሰ።

«አሳምሪኝ መች አልኩሽ? አንሺኝ ነው ያልኩሽ።» እማማ ዘርፌ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌለኝ ነግሮኛል። በዕድሜዬ ፎቶ የተነሳሁት ሦስት ጊዜ ነው። በሁለቱ ጥቁር ጥላ ነኝ፤ በዚህኛው ደግሞ ነጭ ሴትዮ። ስሞት ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመው የትኛው ነው? ሰው የማንን ፊት እያየ ሊያለቅስልኝ ነው?»

ብርቄ ፎቶውን ተቀብላ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ሰርጉ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ተክሊል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚያ ከልጄ ጋር አንድ ፎቶ አንሺኝ፤ እኔን ራሴን። ካልቻልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።»

«እችላለሁ፣ እማማ» አለች ብርቄ።

እንደማትችል ታውቃለች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ማብራት ክልክል ነው፤ ውስጡ ደግሞ በቀትር እንኳ ጨለምለም ይላል። አውቶው ብርሃን ባነሰው ቁጥር ሳትጠይቀው ፍላሹን ያበራል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሏን መመለስ አልፈለገችም። አሮጊቷ እንደወጡ በሩን ዘግታ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። መዘውሩን ስታዞረው ቀጭ ቀጭ እያለ ዞረ። ምንም አልተበላሸም። ወደ አረንጓዴው ስትመልሰውም ተመለሰ። ዘጠኝ ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው መሆኑን ስታይ በራሷ በጣም ተናደደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሳይመጣ ጠዋት ጠዋት ትማር ጀመር። ጎረቤቷን ልብስ ሰፊውን ጋሽ አዳሙን ነጭ ጋቢ አልብሳ በሩ ላይ ታስቀምጣለች። ጋሽ አዳሙ መልካቸው ጠይም፣ ትዕግሥታቸው አጭር ነው። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሱሪ እኮ እየጠበቀኝ ነው!» ብለው ይቆጣሉ፤ ግን አይነሱም። እሷም ያደረገችውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች። መዘውሩ ፒ የሚለው ላይ ሲሆን ካሜራው አብዛኛውን ይወስናል፣ ሰው ግን «ብርሃን ጨምር» ወይም «ቀንስ» ሊለው ይችላል። ኤስ ላይ ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ኤ ላይ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ሰው ይመርጣል። ኤም ላይ ሁሉም በሰው እጅ ነው፤ ጥፋቱም ጭምር። በመጀመሪያው ሳምንት ካነሳቻቸው ፎቶዎች አንድ እንኳ ለሰው የሚታይ አልነበረም። አንዱ ወተት ይመስላል፣ ሌላው ጥላሸት። «እኔን ነው ወይስ ግድግዳውን ነው የምታነሺው?» አሉ ጋሽ አዳሙ። እሷ ግን ሰርዛ እንደገና ታነሳለች።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ አዳሙ ብርድ ብርድ ስላላቸው ጋቢውን አውልቀው ጥቁር ካፖርት ደረቡ። ብርቄ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን፣ መዘውሩ በጋቢው ጊዜ እንደነበረው አውቶ ላይ እንዳለ ደግማ አነሳቻቸው። ሁለቱን ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ ስታያቸው ክው አለች። በነጩ ጋቢ የጨለመው ፊት በጥቁሩ ካፖርት ወለል ብሎ በርቷል። ፊቱ ያው የጋሽ አዳሙ ፊት ነው። ካሜራው ሰው አያውቅም። ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፣ ጥቁር ሲበዛበት ይጨምራል። ስንቱን ሰው «ለፎቶ አይመችም» እንዳለች፣ ስንቱን እናት አንጥታ እንደሸኘች አስታውሳ አፈረች። እስከ ዛሬ ጥፋቱን ስትፈልግ የኖረችው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄዳ ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ወደ ፊቱ ቀርባ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ትለካና፣ ልኩን ኤም ላይ አጽንታ፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ታነሳ ጀመር። ፊቱ መጣ። ጋሽ አዳሙ አይተው፣ «ይሄን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?» አሉና ፎቶውን ወስደው ከስፌት መኪናቸው በላይ ሰቀሉት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን ሌላ ፈተና ነበር። አስተዳዳሪውን አለቃ ገብረ ሥላሴን አስፈቅዳ፣ አገልግሎት በሌለበት ሰዓት ገባች። አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው የብርሃን ስሜት መቶ ላይ ነበር። ፎቶው እንዲበራ ካሜራው ግማሽ ሴኮንድ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ በዚያ መሃል የምትሳለም ሴት ብታልፍ እንደ ጭስ ትበተናለች። ተናዳ ቁጥሩን እስከ ጥግ ሰቀለችው። አሁን ሴትዮዋ አልተበተነችም፤ ግን ፊቷ ጤፍ የተነሰነሰበት መሰለ። ብርቄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ራሷን ያዘች። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀራት።

«ምነው ልጄ?» አሉ አለቃ።

«አባቴ፣ ብርሃን የለም።»

«ብርሃንማ አለ። ስትገቢ አይቼሻለሁ፤ ከደጅ ፀሐይ መጥተሽ ወዲያው ማንሳት ጀመርሽ። እኔ ስገባ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሜ አንድ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። እስክጨርስ ዓይኔ ይለምዳል፤ ከዚያ ሥዕሉም ሰዉም ይታየኛል። ቤቱ አልበራም እኮ፣ የተከፈተው ዓይኔ ነው። ደግሞም ቀስ እያለ ነው የሚከፈተው።»

ብርቄ ተነሳች። ቁጥሩን ወደ ታች መልሳ ደረጃ በደረጃ ትወጣ ጀመር። አራት መቶ፣ ስምንት መቶ፣ ሺህ ስድስት መቶ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ፊት በግልጽ ታየ፤ ጤፉም ቀንሷል። ፍጥነቱ የሴኮንድ አንድ ስድሳኛ ሆነ። ዝም ብሎ ለሚቆም ሰው ይበቃል። ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እስከ ሰርጉም በየሁለት ቀኑ እየተመላለሰች እጇ እስኪለምደው ሠራችበት።

የሰርጉ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ሆነ። ብርቄ ቀድማ ገብታ፣ እማማ ዘርፌ ፊት ላይ ብርሃኑን ለካች። ሥርዓቱ አልቆ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ስመኝ አክሊሏን እንደደፋች ወደ እናቷ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች። እማማ ዘርፌ አንስተው አቀፏት። ያን ጊዜ ነው ብርቄ ያላሰበችው ነገር የመጣው። አሮጊቷ ዝም ብለው መቆም አልቻሉም። ሕመሙም ልቅሶውም አንድ ላይ ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ሦስት ፎቶ አነሳች፤ ሦስቱም ተንቀሳቅሰው ደበዘዙ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አውቶ አድርጊው እንጂ፣ ፍላሹ ይብራ!» አላት የሙሽራው አጎት በጆሮዋ። «ሊወጡ ነው እኮ!»

አውራ ጣቷ መዘውሩ ላይ አረፈ። አረንጓዴው ቅርብ ነው። ፍላሹ ቢበራ አለቃ ይቆጣሉ፣ ፊቱም እንደ ድሮው ይጨልማል፤ ቢሆንም ባዶ እጇን አትወጣም። ለአንድ አፍታ ልቧ ወደዚያ አዘነበለ። ከዚያ ጣቷን አነሳች። «ጤፉም ይነስነስ፣ የነጠላው ፈትልም ነጥቶ ይጥፋ፤ ፊቱ ግን አይጠፋም» ብላ ቆረጠች። የካሜራውን የብርሃን ስሜት ወደ ስድስት ሺህ አራት መቶ፣ ፍጥነቱን በእጥፍ ከፍ አደረገች። ትንፋሿን ይዛ አራት ጊዜ አነሳች። በአራተኛው እማማ ዘርፌ በእንባቸው መሃል ከልጃቸው አክሊል በላይ ሲስቁ አገኘቻቸው።

ብርቄ ያን ፎቶ ሳትነካካ አትማ ቤታቸው ድረስ ይዛ ሄደች። እማማ ዘርፌ አልጋ ላይ ነበሩ። የነጠላው ትከሻ ፈትሉ እስከማይታይ ነጥቷል፤ ፎቶው ላይም ደቃቅ ነጥብ አለ። ይህን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እሳቸው አልሰሟትም። ፎቶውን ይዘው የግንባራቸውን ንቅሳት በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከአልጋቸው ሳይነሱ በአጥር ማዶ ያሉትን ጎረቤታቸውን ጠሩ።

«እትዬ ማሚቴ! ኑ እስኪ! ኑ እዩኝ!»

እማማ ዘርፌ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ባልቴት ከሩቅ ገጠር መጡ። ከእማማ ዘርፌ ጋር አብረው ያደጉ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ሴት ናቸው። ሰፈሩን አያውቁም፣ ቤተሰቡንም አያውቁም፤ ለቅሶ ቤቱ ይኼው መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ማንን እንደሚጠይቁ ሲያመነቱ ዓይናቸው ድንኳኑ ውስጥ በቆመው፣ ብርቄ ባነሳችው ፎቶ ላይ አረፈ። «ዘርፌዬ!» ብለው ጮኹና ወደቁ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ የነበረችው ብርቄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እንደዚያ ቀን አዝናም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏትም አታውቅም።

ወዳጆቼ፣ እኛም ሰውን የምንለካው ብዙ ጊዜ በዙሪያው በሚያበራው ነገር ነው፤ በልብሱ፣ በሀብቱ፣ በአጠገቡ በቆመ ሰው ዝና። በዚያ ልክ ስናየው ይጨልምብናል። ሲጨልምብን ደግሞ ወይ «አይረባም» እንለዋለን፣ ወይ እኛ ደስ እንዲለን አድርገን እንለውጠዋለን። ሁለቱም አለማየት ነው። ጥፋቱን ሰውየው ፊት ላይ ከመፈለጋችን በፊት የራሳችንን መለኪያ እንመርምር። ሌላ ሰው «ሁሉን ያውቃል» ብሎ በሰጠን ፍርድ መኖር ቀላል ነው፤ ቀርቦ መለካት፣ ዓይንን ቀስ ብሎ መክፈት፣ ዋናውን ለማዳን ትንሹን መተው ግን ድካም አለው። ድካሙ ደግሞ ሰው ይችለዋል፤ ዘጠኝ ዓመት የተሳሳተች ሴት በአምስት ሳምንት ተምራዋለች።

እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በቤታችሁ ውስጥ፣ በየቀኑ እያያችሁት ገና በትክክል ያላያችሁት ፊት የማን ነው? ለማየትስ ምን ያህል ጊዜ ቀርቷችኋል?