የኩሬው እርሾ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሆስፒታል እጣቢ መጠበቅ ነው» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ።

ይህን ያሉት አቶ ስንሻው ስለ ልጁ ቢጠይቃቸው ነው። ልጁ በመጠጥ ተይዞ ኖሮ አሁን ገና መመለሱ ነው። «በሚካኤል ማኅበር ቀን ማኅበርተኞቹ ፊት አቁሜው፣ ሁለተኛ አልደርስበትም ብሎ ይማልና አንድ ጊዜ ይጽዳ? ወይስ እንዲህ እየተንፏቀቀ ይኑር?» አላቸው። አቶ ስንሻው የፈለገው አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ነበር። መሪጌታ ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተረኩለት።

ሆስፒታሉ ከከተማው ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከታማሚዎች ክፍል፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ውሃ ሁሉ በቱቦ ወርዶ ሰውየው ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ፋሻውንና ጨርቁን ወንፊት ያስቀረዋል። ቀጥሎ ከባድ ከባዱ ገንዳ ውስጥ ይዘቅጣል። ከዚያ ውሃው ወደ ኩሬ ይገባል። ኩሬው ቡናማ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ጭቃ ነው። ጭቃው ግን ሕያው ነው። ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሞልተውበታል፤ ቆሻሻውን እየበሉ የሚያጠፉት እነርሱ ናቸው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይቦካ፣ ኩሬም እነርሱ ከሌሉበት ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነው። ከኩሬው የወጣው ውሃ በፊላና በቄጠማ መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በመጨረሻዋ ትንሽ ገንዳ ደግሞ የተረፈውን ተባይ እንዲገድል ክሎሪን ጠብ ይደረግበታል። ያን ጊዜ በሩ ይከፈትለትና ወደ ሣሩ ማሳ ይወርዳል።

ማሳው ከተዳፋቱ ግርጌ የሚኖሩ፣ ላም የሚያረቡ ሴቶች ንብረት ነው። መጀመሪያ ማንም ውሃውን አልነካም። «የበሽተኛ እጣቢ ያበቀለውን ሣር ላሜ አትቀምስም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል፣ በአንዲት ላም ወተት ልጆቿን የምታሳድግ መበለት ብቻ መጥታ ኩሬውን ዞራ አየችው።

«አንተስ ላም ቢኖርህ ታበላት ነበር?» አለችው።

«አበላት ነበር» አላት።

በዚህች ቃል ሣር ተከለች። በዓመቱ በጋው ሲጠና የሌላው ሰው መሬት ተሰነጣጠቀ፣ የእርሷ ማሳ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ሌሎቹም አይተው ተከተሏት።

ሰውየው ቃሉን የሚጠብቀው በአንድ ጠርሙስ ነበር። በየማለዳው ከኩሬው ይቀዳና መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ኩሬው ደኅና ከሆነ ጭቃው ተሰብስቦ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ውሃው ከላይ ኩልል ብሎ ይቀራል። ይህን ሳያይ በር ከፍቶ አያውቅም።

ይሁንና ኩሬው ይሸታል። ደኅና ኩሬም ትንሽ ትንሽ ይሸታል፤ ተፈጥሮው ነው። የሰውየው ቤት ደግሞ ከኩሬው አጠገብ ነው። ገበያ ሲሄድ ሰው ፈቀቅ የሚልበት ይመስለዋል። አንዳንዱ በእርግጥ ፈቀቅ ይላል፤ አብዛኛው ግን ልብ ብሎትም አያውቅም። እርሱ ሁሉንም እኩል ይታዘባል።

ሴት ልጁ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበርና ከከተማው ከደኅና ቤተሰብ ሽማግሌ ሊላክባት እንደሆነ ወሬ መጣ። የሚመጡት ቅዳሜ ነው። የሰውየው እንቅልፍ ጠፋ። ልጄ በእኔ ሽታ ልትቀር ነው ብሎ ልቡ ተቃጠለ። ሚስቱ፣ «የሚጠይቁት ልጅቷን ነው እንጂ ኩሬውን አይደለም፤ ተው ባክህ!» አለችው። አልሰማትም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ ክሎሪኑ ወደተቀመጠበት መጋዘን ሄደ። የመጨረሻዋን ገንዳ ለብዙ ጊዜ የሚያገለግለውን ዱቄት በባልዲ በጥብጦ እየተመላለሰ ኩሬው ውስጥ ገለበጠው። ስቶ እንዳይመስልህ። ክሎሪን ነፍሳትን እንደሚገድል፣ ቦታውም መጨረሻ ላይ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ይሉኝታ ግን ያወቁትን ያስረሳል።

ሽታው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በሙሽራው አጎት አፍ ጠየቁ፤ እሺ ተባሉ፤ ተመራርቀው ሄዱ። አንድም ሰው አፍንጫውን አልያዘም። ሰውየው ያን ቀን ደስታውን አልቻለውም፤ ምነው ይህን ዘዴ ቀደም ብዬ ባወቅሁት አለ።

በማግስቱ ማለዳ ጠርሙሱን ሞልቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ጭቃው አልሰመጠም። እንደተበላሸ ወተት ተበጣጥሶ ተንሳፈፈ፤ ውሃውም ደፍርሶ ቀረ። ደገመው፤ ያው ነው። ኩሬው ሞቷል። ከላይ ከሆስፒታሉ ግን ውሃው መምጣቱን አላቆመም፤ ታማሚ መታጠቡን አይተውም።

ሁለት መንገድ ነበረው። በሩን ቢከፍተው ማንም አያውቅበትም፤ ያልጸዳው እጣቢ ግን ሴቶቹ በእጃቸው በሚያጭዱት፣ ላሞቹም በሚበሉት ሣር ላይ ይወርዳል። በሩን ቢዘጋው ሣሩ በሚያዝያ ፀሐይ ይደርቃል፤ ለምን እንደዘጋም መናገር አለበት። በሩ ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ ዘጋው፤ ለሆስፒታሉ ኃላፊም ያደረገውን ነገረው። ኃላፊውም ተቆጥቶ ሲያበቃ እጣቢውን በቦቴ እያስቀዳ ወደ ሌላ ቦታ ማስወሰድ ጀመረ። ሰውየው ከዚያ ወርዶ ወይዘሮ ዘርፌን አገኛት።

«ኩሬውን ገደልሁት» አላት።

«ምን አድርገህ?»

«ሽማግሌዎቹ እንዳይሸታቸው ብዬ ክሎሪን ደፋሁበት።»

«እኔ አንተን አምኜ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ተከልሁ» አለች። «አንተ ለአንድ ቀን እንግዳ ስትል እኔን ረሳኸኝ? እኔ እኮ ሽታውን በየቀኑ እየሸተትሁ አንድ ቀን አንተን ንቄህ አላውቅም!»

ሰውየው ኩሬውን ለማዳን ተነሣ። የሞተ ኩሬ በልመና አይነሣም፤ እርሾ ይፈልጋል። መጀመሪያ ክሎሪኑ ከኩሬው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በሌላ ከተማ እንደ እርሱ ያለ ኩሬ የሚጠብቅ ሰው ዘንድ ሄዶ ሕያው ጭቃ ለመነና በጀሪካን ሞላ። ጭቃው ሳይውል ሳያድር መድረስ አለበትና ከተሳፋሪ ጋር አውቶቡስ ላይ ጫነው። ጀሪካኑ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጠብ ይል ነበር። ሰው መስኮት ከፈተ፤ ሰው ተሳደበ።

ረዳቱ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ምንድን ነው የጫኑት?» አለው።

«እርሾ ነው» አለ ሰውየው።

አንዲት ሽታ ከሽማግሌዎች ሊደብቅ የሄደው ሰው፣ አሁን ከነጀሪካኑ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ አገር አቋረጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ኩሬው በአንድ ቀን አልዳነም። የሞተው ጭቃ በስብሶ ከበፊቱ አሥር እጥፍ ሸተተ፤ ሰርጉም የደረሰው በዚሁ መሐል ነው። የሙሽራው አጎት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በነጠላው አፍንጫውን ሸፈነ። ሰውየው መሬት ብትውጠው በወደደ።

«ይቅር በሉኝ» አለ፤ የሆነውንም ነገረው።

አጎትየው ሳቀ። «ወዳጄ፣ እኛ ስንመጣ እኮ ሥራህን ጠይቀን ነው የመጣነው። የዚያን ቀን ቢሸት 'የኩሬ ጠባቂ ቤት ነው' ብለን እናልፈው ነበር። አለመሽተቱ ነው የገረመን።»

ከብዙ ሳምንት በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጭቃ እንደገና ሰመጠ፤ በሩም ተከፈተ። ሣሩ ከሥሩ አቆጠቆጠ። ወይዘሮ ዘርፌ ግን እስከዚያው የላሟ ወተት ነጥፎባት፣ ለገለባ መግዣ ጥጃዋን ሸጣ ነበር። ጥጃዋ አልተመለሰችም።

መሪጌታ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ አቶ ስንሻው ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጅህ አሁን እንዴት ነው?»

«ጠዋት እንጨት ቤቱ ሄዶ ይሠራል። ማታ ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል። ግን ምን ዋጋ አለው መሪጌታ፣ በቀደም መጠጥ ሸቶ መጣ!»

«ሸቶ መጥቶ ምን አደረገ?»

አቶ ስንሻው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእናቱ ነገራት። እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

«እርሾው እርሱ ነው» አሉ መሪጌታ። «ለእናቱ መናገሩ፣ ማልቀሱ፣ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ሥራው መሄዱ። ዓይን አይሞላም፤ ክፋቱን እየበላ የሚያጠፋለት ግን እርሱ ነው። አንተ በሰው ፊት አቁመህ ኀፍረት ብትደፋበት ያን ቀን ሽታው ይጠፋልሃል። ከዚያ በኋላ ግን ሲወድቅ ለእናቱም አይነግራትም። መሐላ ክፉ ነው አላልሁህም፤ እንደ ክሎሪኑ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ውሃው ሲጠራ እርሱ ራሱ ልማል ብሎ ይመጣል።»

አቶ ስንሻው አንገቱን ደፋ።

«የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ ተራው የማን ነው?» አሉት መሪጌታ፣ እያወቁ።

«የእኔ ነው። ቤቴ ነው የሚመጡት።»

«ጠላም ተጠምቋል?»

«ተጠምቋል።»

«ጠላ በተደገሰበት ቤት፣ ጽዋ በያዘ ሰው ፊት ነው እንግዲህ ልጁ ከመጠጥ የሚምለው! ስንሻው ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ ልጅህ እንዴት እንደሚጸዳ አይደለም። እንግዶችህ ሳይደርሱ ሽታውን እንዴት እንደምታጠፋ ነው።»

አቶ ስንሻው፣ «ታዲያ ስለ ልጄ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለ።

«'ገና ኩሬው ውስጥ ነው፤ እስኪጠራ በሩ ላይ እኔ አለሁ' በላቸው» አሉት።