ሬያና የተዋጠችው ሕፃን

አንድ ተረት አለኝ፣ እንደ መቀነት የረዘመ። እናንተ ጫፉን ያዙልኝ፣ እኔ ልፍታው።

ድሮ ድሮ፣ አማልክት በግሪኮች ተራራ ላይ በሚኖሩበት ዘመን፣ ሬያ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ ክሮኖስ የአማልክት ንጉሥ ነው። ሁለቱም የሽማግሌው የሰማይ ልጆች ናቸው፤ አማልክት እንዴት እንደሚጋቡ እኔን አትጠይቁኝ። ክሮኖስ የነገሠው አባቱን ሰማይን በማጭድ አቁስሎ ከዙፋኑ አውርዶ ነው። ስለዚህ ልጅ የሚባል ነገር ያስፈራዋል። ሬያ የመጀመሪያ ልጇን ሄስትያን በወለደች ዕለት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሕፃኗን ከነመጠቅለያዋ ዋጥ!

አማልክት አይሞቱምና ሕፃኗ ሆዱ ውስጥ ታለቅሳለች። ሬያ ጆሮዋን በባሏ ሆድ ላይ ለጥፋ ትሰማታለች። ዙፋን አላማራትም። ልጇን ማጥባት ብቻ ነው የፈለገችው።

"ክሮኖስ፣ ልጄን መልስልኝ።"

"አልመልስም! አድጋ ታወርደኛለች።"

ሬያ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ማጭድ ሄደች። "ማጭድ ሆይ፣ ክሮኖስን አስፈራራልኝ። ክሮኖስ ልጄን አልመልስም አለ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል።"

"የሚወለውለኝን ጌታዬን? አላስፈራራም!" አለ ማጭዱ።

ሬያ ወደ ባሕር ወረደች። "ወንድሜ ባሕር፣ ማጭዱን በጨውህ ብላልኝ። ማጭድ ክሮኖስን አላስፈራራም አለ፤ ክሮኖስ ልጄን አልመልስም አለ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል።"

"እታለም፣ በባልና ሚስት መካከል አልገባም" አለ ባሕር። "ማጭዱን አልበላም።"

ሬያ ወደ ፀሐይ ሄደች። "ፀሐይ እህቴ፣ ባሕርን አድርቂልኝ። ባሕር ማጭዱን አልበላም አለ፤ ማጭድ ክሮኖስን አላስፈራራም አለ፤ ክሮኖስ ልጄን አልመልስም አለ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል።"

"አላደርቅም" አለች ፀሐይ። "ማታ ማታ የምገባው እሱ ቤት አይደል? የት ልደር?"

ሬያ ወደ ደመና ሄደች። "ደመናዬ፣ ፀሐይን ጋርድልኝ። ፀሐይ ባሕርን አላደርቅም አለች፤ ባሕር ማጭዱን አልበላም አለ፤ ማጭድ ክሮኖስን አላስፈራራም አለ፤ ክሮኖስ ልጄን አልመልስም አለ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል።"

"አልጋርድም። እኔ የሽማግሌው የሰማይ ጋቢ ነኝ" አለ ደመና። "እሱ ሳያዘኝ ንቅንቅ አልልም።"

ሬያ እዚያው ቁጭ አለች። በአማልክቱ ዘንድ ከዙፋን የወረደን አባት አባት ብሎ መጥራት ነውር ነበር። ሁሉም በአገጩ ወደ ላይ ጠቆም አድርጎ "ያ የላዩ" ነበር የሚለው። ሬያም እንደዚያው ትል ነበር። ደግሞም ቂም ነበራት። ሰማይ በነገሠበት ዘመን ልጆቹ እንዳይነሱበት ብሎ ሁሉንም ምድር ሆድ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ሸሽጓቸው ነበርና። ሬያ ያንን ጨለማ አልረሳችውም።

ግን ልጇ አሁን እንደዚያ ባለ ጨለማ ውስጥ ናት። ወተቷ ቀሚሷን አርሶ ወረደ። ሬያ ቀና አለች።

"አባዬ" አለች።

"እኔን ነው?" አለ ሰማይ።

"አዎ፣ አባዬ፤ ሬያ ነኝ። ደመና ፀሐይን አልጋርድም አለ፤ ፀሐይ ባሕርን አላደርቅም አለች፤ ባሕር ማጭዱን አልበላም አለ፤ ማጭድ ክሮኖስን አላስፈራራም አለ፤ ክሮኖስ ልጄን አልመልስም አለ፤ ልጄ ታለቅሳለች፤ ጡቴ ሞልቶ ይጠዘጥዘኛል።"

"ልጄ፣ እኔም ደብቄሽ ነበር" አለ ሽማግሌው። "ዙፋኑ የሚቀርልኝ መስሎኝ። ዙፋኑም ሄደ፣ አባዬ የሚለኝም ሄደ። ይቅር በይኝ።"

ሬያ አለቀሰች። "እሺ፣ አባዬ" አለች፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ሰማይ ጋቢውን ነቅነቅ ቢያደርገው ደመና ፀሐይን ሊጋርድ ተነሣ፤ ፀሐይ ባሕርን ላድርቅ አለች፤ ባሕር ማጭዱን ልብላ አለ፤ ማጭድ በክሮኖስ አናት ላይ ተንቀጫቀጨ፤ ክሮኖስ ተንቀጠቀጠ።

"ማነው የላከህ?"

"አባትህ" አለ ማጭዱ።

ክሮኖስ አባቴ ተበቀለኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሬያ ደርሳ የግንባሩን ላብ በቀሚሷ ጠረገችለት።

"አይዞህ። ሊያወርድህ አይደለም፤ የልጅ ልጁን ነው የሚፈልገው።"

"እሷስ? አድጋ ታወርደኛለች።"

"ታወርድህ ይሆናል" አለች ሬያ። "ዛሬ ከመለስካት ግን፣ ከወረድክም በኋላ አባዬ ትልሃለች። እኔ አስተምራታለሁ።"

ክሮኖስ በማጭድ ያቆሰለውን ሽማግሌ ቀና ብሎ አየው። እንደ ምንም አፉን በሰፊው ከፈተና "አባዬ!" አለ።

አፉ በተከፈተበት ሕፃኗ ተንሸራታ ወጥታ ሬያ ጭን ላይ ዱብ! ከነመጠቅለያዋ። ሬያ ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ላይ ሽማግሌው ሰማይ ፀሐይዋ ሕፃኗን እንዳታቃጥላት ጋቢውን ዘረጋላት።

መቀነቴ እዚህ ላይ አለቀ። ጫፉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁልኝ፤ ሕፃኗ ጠግባ እንቅልፍ ወስዷታል።