በጣት የተዘለለ መሰናክል

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ክፍል የሚገባ ዶክተር አንዳርጌ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ከወንበር መነሳት አይወዱም። የመሰናክል ዝላይን ሲያስተምሩ ሁለት ጣቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስሮጡና በጠመኔው ካርቶን ላይ ያስዘልሏቸዋል። «እንግዲህ ዝላይ ማለት ይህ ነው» ይላሉ።

አንዲት ምላሷ የማያርፍ ተማሪ፣ «ዶክተር፣ በእግርስ እንዴት ነው?» ብላ ክፍሉን ስላሳቀችባቸው ቂም ይዘውባታል። የተግባር ፈተናው ቀን ሜዳው ዳር ጥላ ስር ጠረጴዛ አስወጥተው ተቀመጡና መጀመሪያ እሷን ጠሩ።

«እኔ ካሳየሁት አንዲት ነገር ዝንፍ ብትዪ ዜሮ ነው የምሰጥሽ። ምርቃትሽንም እርሺው» አሏት።

ልጅቷ በሜዳው ላይ የተደረደሩትን መሰናክሎች አየት አደረገችና ወደ ዶክተሩ ጠረጴዛ መጣች። ሁለት ጣቶቿን አስሮጣ በመነጽራቸው ማኅደር ላይ አስዘለለቻቸው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«ያሳዩንን ነዋ። ዝንፍ አላልኩም» አለች። «የጎደለ ካለ ግን ይነሡና አንዴ በእግርዎ ያሳዩኝ፤ ከኋላዎ እከተላለሁ።»

ዶክተሩ መሰናክሉን አዩ፤ ሆዳቸውን አዩ። ከዚያም ከወንበራቸው ሳይነሡ «አልፈሻል» አሏት።